ዘምዘምን እንዳትልኳት

ለእህቴ ለሰልማ፣

አሰላሙ አለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ነሽልኝ? ጤናሽ እንዴት ነው? እንቅልፍ ታገኛለሽ? በብርድ ጊዜ ይነሳብሽ የነበረው የጎን ውጋት ተወሽ ወይስ እዚያም ተከትሎሽ መጣ? ሲያምሽ መድኃኒት የሚገዛልሽ ሰው አለ? ይህን የምጠይቅሽ ለደብዳቤ ወግ ብዬ አይደለም። የእያንዳንዱን መልስ ማወቅ እፈልጋለሁ። እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። እማዬ አለች፣ ታናሽሽ ዘምዘም አለች፣ ባለቤቴና ልጆቹም ደህና ናቸው። ከቤቱ የጎደለው የአንቺ ድምፅ ነው።

በስልክ መጻፉን ትቼ ወረቀት ያነሳሁበትን ምክንያት ቀስ ብዬ እነግርሻለሁ። ከሁሉ በፊት ግን ይህ ወረቀት እጅሽ እንደገባ ከልብስሽ ሥር ደብቂው፤ አንብበሽ ስትጨርሺም ቀዳደሽ ሽንት ቤት ጣይው። ይዞልሽ የሚመጣው የአጎታችን የጠሀ ልጅ ቶፊቅ ነው። እንደምታውቂው እዚያው ባህሬን፣ ሙሐረቅ ውስጥ ፀጉር ቤት አለው። ለእህቱ ሠርግ መጥቶ ነበር፤ ነገ ይመለሳል። ከአንቺ እጅ በቀር ለማንም እንደማይሰጥ ምሎልኛል።

የሰፈሩን ነገር ላንሳልሽ። በየካ ሚካኤል የሚያልፈው መንገድ ሰፍቶ የሱቃችን በረንዳ በዚያው ሄደ። አሁን ደንበኛ የሚቆመው ደፉ ላይ ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ሁሉም ወደ ውስጥ ይገባና መተንፈሻ እናጣለን። ዘንድሮ ደግሞ ዝናቡ ቀድሞ ገባ። ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ እማዬን ጉልበቷን ይዟት ከቤት አትወጣም። ሶፋው ጥግ ላይ ሻርፗን ጠምጥማ ትውላለች። ሥራዋ የአንቺን ቪዲዮ ማየት ነው።

ያንን ነገር የጀመርሽው ለእሷ ብለሽ እንደነበር አልረሳሁትም። ዓርብ ዓርብ ከሥራ ስትወጪ «ዛሬ ደግሞ ደሴቷን ላሳያችሁ» ብለሽ ስልክሽን ከፍ አድርገሽ ትሄጃለሽ። ባሕሩ ዳር ያለውን የድሮ ምሽግ፣ ባሕሩን አቋርጦ ሳዑዲ የሚያደርሰውን ድልድይ፣ የመናማን ገበያ፣ ሉል የሚሸጡትን ሽማግሌ፣ በረሃ መሐል ብቻውን የቆመውን ዛፍ በአንቺ ዓይን አየን። እማዬ ባሕር ዛፍ እንጂ ባሕር አይታ የማታውቅ ሴት ዛሬ ደሴቷን እንደ ግቢዋ ታውቃታለች። «ያንን ዛፍ ማነው ውኃ የሚያጠጣው?» ስትልሽ «እማዬ፣ ማንም አያውቅም» ብለሽ ስትስቂ አባዬ ያን ጊዜ በሕይወት ነበር፤ እሱም አብሮሽ ሳቀ።

በኋላ ለሰው ሁሉ መልቀቅ ስትጀምሪ ሰፈሩ በሙሉ ያይሽ ጀመር። ትምህርት የጨረሱት ልጆች ሱቁ በር ላይ ተሰብስበው በአንድ ስልክ ላይ ይደፉና «ሰልማ ዛሬ ምን አሳየች?» ይላሉ። ብዙዎቹ ምሽጉን አላዩም። ያዩት ልብስሽን፣ ሳቅሽን፣ ከኋላሽ ያለውን ሰማያዊ ውኃ ነው።

በኅዳር የምትሠሪበትን ቤት ልትቀይሪ መሆኑን ነገርሽኝ። «አዲሶቹ ሰዎች ጥሩ ናቸው አሉ ጋሼ፤ ስደርስ እደውላለሁ» አልሽ። ድምፅሽን ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት ያን ቀን ነበር። ከዚያ ወዲያ የሚመጣው ጽሑፍ ብቻ ሆነ። ማይኩ ተበላሸ፣ ሥራ በዛ፣ ኔትወርክ የለም። ቪዲዮው ግን አልተቋረጠም፤ እንዲያውም ከበፊቱ በዛ። እኔም «ሥራ ቢበዛባት ነው እንጂ ይኸው ደሴቷን እየዞረች ነው» እያልኩ እማዬን አጽናና ነበር።

ከዚያ የሀይማኖት ነገር መጣ። ሀይማኖትን ታውቂያታለሽ፤ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት የቤተ ክርስቲያኑን ደን የሚጠብቁት የጋሽ ገብረ ክርስቶስ ልጅ፣ ያቺ ረጅሟ፣ ሹሩባ ስትሠራ እጇ የሚፈጥነው። በጥር ሄደች። «የምትቀበለኝ ሰልማ ናት፤ ጽፋልኛለች» ብላ ሱቅ መጥታ ስትሰናበተኝ ፊቷ ያበራ ነበር። እኔም ደስ አለኝና ለአንቺ የሚሆን በርበሬ አሸክሜ ላክኋት። ደርሳ አንድ ጊዜ ብቻ ለአባቷ ደወለች። «ሰልማ አልመጣችም፤ ልካኛለች ያለች ሌላ ሴት ናት የወሰደችኝ። ፓስፖርቴንም ለምዝገባ ብላ ተቀብላኛለች» አለቻቸው። ከዚያ በኋላ ስልኳ አልሠራም።

ጋሽ ገብረ ክርስቶስ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ያንን ሁሉ ቁልቁለት እየወረዱ ሱቅ ይመጣሉ። አይጮሁም፣ አይወቅሱም። ዱላቸውን ደገፍ ብለው «ከድር፣ ከእህትህ ወሬ አለ?» ይሉኛል። እጽፍልሻለሁ፤ «ሀይማኖት ደህና ናት፣ ጥሩ ቤት ገብታለች» የሚል መልስ ይመጣል፤ አነብላቸዋለሁ። ይመርቁኝና አቀበቱን ይመለሳሉ። ምርቃታቸው እየከበደኝ ሄደ።

ዒድ ዕለት አልደወልሽም። ሰው አገር ከሄድሽ ጀምሮ በዒድ ሳትደውዪ ቀርተሽ አታውቂም። ማታውኑ አዲስ ቪዲዮ ወጣ፤ ምሽጉ፣ ባሕሩ፣ ከላይ «ኑ፣ አብረን እንየው» የሚል ጽሑፍ። ዘምዘም ለእማዬ ስታሳያት እማዬ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ሰማችውና «ይህ አዲስ አይደለም» አለች። «እማዬ፣ ዛሬ ነው የለቀቀችው» አለቻት ዘምዘም። «እኔ እኮ ሰምቼዋለሁ። መጨረሻው ላይ ‹አባዬ፣ ይህን ውኃ አየኸው?› ትላለች። አባትሽ ፊት ነው ያየነው» አለች። ዕድሜ ነው ብለን ተውነው። እኔ ግን ሱቅ ገብቼ ድምፁን ከፍ አድርጌ ደገምኩት። እውነትም ከነፋሱ ሥር «አባዬ፣ ይህን ውኃ አየኸው?» ትያለሽ።

 ያም ሆኖ የድሮውን ደግመሽ ለጥፈሽው ይሆናል ብዬ ራሴን አታለልኩ። ጥቂት ቆይቼ እማዬ እንዳመማት ጻፍኩልሽ። መልሱ ወዲያው መጣ፦ «እግዚአብሔር ይማራት። አይዞህ ከድር። ለአባባም ሰላም በልልኝ።»

ሰልማ፣ ሱቅ ውስጥ ደንበኛ ቆሞ ስኳር እየመዘንኩ ነበር። ስልኩን ስኳሩ ላይ ጣልኩት። አንቺ «አላህ ያሽራት» ነው የምትዪው። እኔን በስሜ ጠርተሽኝ አታውቂም። አባዬን ደግሞ «አባባ» ብለሽው አታውቂም። ይህ ሁሉ ይቅር። አባዬ ካለፈ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ያን ቀን ስልኩን ይዘሽ ስታለቅሺ ውለሻል። ስልክሽን የያዘ ሰው አባታችን መሞቱን አያውቅም።

በነጋታው ከጋሽ ገብረ ክርስቶስ ጋር ሀይማኖትን የላከቻት ሴት ዘንድ ሄድን። ፈትለወርቅ ትባላለች፤ መገናኛ አንድ ፎቅ ላይ ቢሮ አላት። ክፉ ፊት ያላት ሴት አይደለችም። ተነሥታ ተቀበለችን፣ ለሽማግሌው ወንበር አቀረበች፣ ውኃ አስመጣችላቸው። ግድግዳዋ ላይ ያ በረሃ መሐል የቆመው ዛፍ ፎቶ ተሰቅሏል፤ ከሥሩ አንቺ ቆመሻል። 

«ወይዘሮ ፈትለወርቅ፣ የእህቴን ድምፅ መስማት እፈልጋለሁ፤ እርስዎ ሊያገናኙኝ ይችላሉ?» አልኳት። ፈገግ አለች። «ወንድሜ፣ ምን ያስጨንቅሃል? ሰልማ እኮ የእኛው ሰው ናት። ልጆቹን የምትቀበልልን እሷ ናት፤ ድርሻዋንም ታገኛለች። አልነገረችህም እንዴ?» አለች። ጋሽ ገብረ ክርስቶስ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። «ከድር፣ እውነት ነው?» አሉኝ።  ሰልማ፣ «ውሸት ነው» ያልኳቸው ዘግይቼ ነው፤ ያ መዘግየቴ መሐላችን ገብቶ ተቀመጠ።

ስንወጣ ሴትዮዋ ከኋላዬ «ደግሞስ ታናሽህ ሐሙስ እየበረረች አይደል? እሷ አይታ ትነግርሃለች» አለችኝ። እኔ የማውቀው ነገር አልነበረም። ባቡሩን እንኳ አልጠበቅሁም፤ ያገኘሁት ታክሲ ላይ ዘልዬ ቤት ገባሁ።

ዘምዘም አልካደችም። ፓስፖርቷን፣ የጤና ምርመራዋን፣ ሁሉን ጨርሳለች። «ላስደንግጥህ ብዬ ነው ጋሼ፤ ነዪ ያለችኝ ሰልማ ራሷ ናት» ብላ ስልኳን ሰጠችኝ። አነበብኩት። «ነዪ፣ ብቻዬን ሰለቸኝ፤ ምሽጉን አብረን እናያለን፣ ድልድዩን በመኪና እንሻገራለን፣ ዓርብ ዓርብ ባሕር ዳር ዓሣ እንበላለን» ይላል። አንቺን የሚመስል ቃል ነበር፤ አንቺን የሚመስለው ከቪዲዮሽ የተቀዳ ስለሆነ ነው። የአባዬን ነገር ነገርኳት። አለቀሰች፣ ግን አላመነችም። «ደክሟት ተሳስታ ቢሆንስ? ታማ ቢሆንስ? እንዲያውም ለዚህ ነው መሄድ ያለብኝ» አለች። እማዬ መሐላችን ተቀምጣ አንዴ እኔን አንዴ እሷን ታያለች። ፓስፖርቱን ልቀማት እጄን ዘርግቼ መለስኩት። ለአካለ መጠን የደረሰች ልጅ ናት። ዛሬ ብቀማት ነገ በድብቅ ትሄዳለች ብዬ ፈራሁ።

ለሚመለከታቸው ሰዎችም አመለከትን። ያዳመጠን ሰውዬ መልካም ሰው ነው፤ ግን «መልእክት እየላከች ነው፣ ቪዲዮም ታወጣለች፤ እንዴት ጠፋች እንበል?» አለን።  ፊቱ ላይ እየሳቅሽ ባሕር ዳር ትሄጃለሽ።

በረራው ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ቀትር ላይ፣ ስልኬ ጮኸ። ቁጥሩ የእናንተ አገር ነው፤ የማላውቀው። እጄ ዘይት ስለነበር ዘምዘም አነሣችው። ድምፅሽ ከስልኩ ሾልኮ ወጥቶ እኔም ሰማሁት። «ጋሼ፣ ዘምዘምን እንዳትልኳት። በአላህ፣ እንዳትልኳት» አልሽ። «እኔ ነኝ! ሰልማ፣ ዘምዘም ነኝ!» አለች እየጮኸች።  ትንፋሽሽ ይሰማል። ከዚያ በጣም ቀስ ብለሽ «አትምጪ» አልሻት። የሕፃን ልቅሶ ተሰማ፣ የሴት ቁጣ በዐረብኛ ተሰማ፣ ተዘጋ። ዘምዘም ደፉ ላይ ቁጭ አለች። ደንበኞቹ ምን ሆነች ይላሉ። ማታ ፓስፖርቷን ራሷ አምጥታ እማዬ ጭን ላይ አስቀመጠችው።

ስለዚህ ይህን እወቂልኝ፦ ድምፅሽ ደርሶናል። ዘምዘም አልሄደችም። በምን ፍርሃት ውስጥ ሆነሽ እንደደወልሽ አላውቅም፤ ግን እህትሽን አድነሻል።

በቁጥሩ መልሰን ብንደውል አንድ ወንድ አነሣው። ቶፊቅን አስጠርቼ በዐረብኛ አነጋገረው። ሰውዬው ባለ ሱቅ ነው። «አዎ፣ ሐበሻ ሴት ናት፤ ከኋላ ካለው ትልቅ ቤት የጌቶቿን ልጆች ይዛ ዳቦ ልትገዛ ትመጣለች። ለምናኝ ስልኬን ሰጠኋት» አለ። «ሌላ ሐበሻ አለች?» አለው ቶፊቅ። «ሁለት ናቸው። አንደኛዋ ረጅም ናት፤ እሷ አትወጣም፤ ላይ ቤት መስኮት ላይ ነው የማያት» አለው። ጋሽ ገብረ ክርስቶስ ይህን ስነግራቸው ኮፍያቸውን አውልቀው ፊታቸውን ሸፈኑበት። «ቆማ ነው የሚያያት?» አሉኝ። አዎ፣ ቆማ ነው አልኳቸው። ቶፊቅ ትናንት ደግሞ ደውሎለት ነበር። ባለ ሱቁ «ከዚያ ወዲህ ዳቦ የሚገዙት ልጆቹ ብቻቸውን ናቸው» ብሎታል። ከዚህ በላይ አልጠየቅነውም፤ ፈራን።

አሁን የምልሽን ልብ ብለሽ ያዢ። ቶፊቅ እንደገባ እዚያ ሱቅ ዳቦ ገዢ መስሎ ይመላለሳል። ሲሰጥሽ ቆማችሁ ለመነጋገር ላይመች ይችላል። መውጣት ከቻልሽ፣ አንድ ዓርብ እንኳ ከልጆቹ ጋር ለሽርሽር ከወሰዱሽ፣ ቶፊቅ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ምሽጉ መግቢያ ላይ አይጠፋም። ወደ ከተማ ከወሰዱሽ የገበያው ትልቁ በር ጋ ሐበሾች እንደሚሰበሰቡ አንቺው ነሽ ያሳየሽን፤ ከመሐላቸው የምታምኚያትን አንዲት ሴት የቶፊቅን ፀጉር ቤት ጠቁሚኝ በያት። ኤምባሲውን የሚያናግሩ ሰዎችም አግኝቷል፤ የቤቱን ቦታ ይዘውታል። ግን ዝም ብለው በር እንዳያንኳኩ ለምኛቸዋለሁ፤ ከመድረሳቸው በፊት ወደ ሌላ ቤት እንዳያዛውሩሽ። ሀይማኖትን አትተያት። ብቻሽን መውጣት ከቻልሽ ውጪ፤ ግን በየትኛው ክፍል እንዳለች አይተሽ ውጪ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ያቺ ሴት ያለችው እውነት ይሁን ውሸት አላውቅም። ውሸት ከሆነ ስለጠረጠርኩሽ አውፍ በይኝ። አስገድደው ስምሽን አስጽፈውሽ፣ አስቀርጸውሽ፣ ልጆች አስጠርተውሽ ከሆነም ግን፣ ሰው ምን ይለኛል ብለሽ እዚያ እንዳትቀሪ። እንደሱ አስበሽ ዝም እንዳትዪ። ከጋሽ ገብረ ክርስቶስ ፊት አብሬሽ እቆማለሁ። ምንም አድርገሽ ቢሆን ቤትሽ ይህ ነው።

እማዬ ሰላም ብላሻለች። ምን ልጻፍልሽ ብላት «ትብላ በላት፤ የሚሰጧትን ሁሉ ትብላ፣ አቅም ያስፈልጋታል» አለች። ዘምዘም ሰላም ትልሻለች፤ ቪዲዮዎቹ ሥር ለልጆቹ «አትሂዱ» ብላ ትጽፋለች፣ የሚያጠፋው ሰው ወዲያው ያጠፋባታል፣ ደግማ ትጽፋለች። ባለቤቴ ሰላም ትልሻለች፤ ዱዓዋ ሁሉ ለአንቺ ነው። ልጆቼ አክስታችን መቼ ነው የምትመጣው ይላሉ። ጋሽ ገብረ ክርስቶስ ለአንቺም ለልጃቸውም እኩል እየጸለዩ እንደሆነ ንገራት ብለውኛል፤ ለሀይማኖት ደግሞ «አባትሽ ደህና ነው፣ ቤቱም እንደተውሽው ነው» በይልኝ ብለዋል።

እዚህ ላይ ጨርሼ ልፈርም ስል ዘምዘም ከውጭ እየሮጠች ገባች። ሐሙስ የእሷ ወንበር ባዶ አልሄደም። ባርኮት ሄዳለች፤ የልብስ ሰፊው የለተጊዮርጊስ የመጨረሻ ልጅ። አንቺ ስትሄጂ ገና ተማሪ ስለነበረች ላታስታውሻት ትችያለሽ፤ ቀጭን ናት፣ ጥርሷ ፍንጭት ነው። ለቤተሰቦቿ «ሰልማ ትቀበለኛለች» ብላቸው ነው የሄደችው፤ እስከ ዛሬ አልደወለችም። አባቷ አሁን ሱቁ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል፤ ይህን ጨርሼ ወደ እሱ እወጣለሁ። ሰልማ፣ እዚያ ቤት ሦስተኛ ሴት ካስገቡ ባርኮት ናት። ጨለማ ውስጥም ብትሆን በስሟ ጥሪያት፤ የሰፈሯ ሰው አብሯት እንዳለ ትወቅ።

ወንድምሽ ከድር

የካ፣ አዲስ አበባ
ማክሰኞ፣ ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.